በማምረቻ መስመር ላይ ምርትን በሴንሰርና በመቆጣጠሪያ ሞጁል መፈተሽ፦ ከዕቅድ እስከ ሥራ ማስጀመር

አንድ ፋብሪካ ምርቱን በሰው ዓይን ከመፈተሽ ወደ አውቶማቲክ ፍተሻ ለመሸጋገር ሲያስብ የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ሴንሰር ይሻላል?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሥራውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ሴንሰሩ ጉድለቱን ቢያይም፣ ጉድለቱ የየትኛው ምርት እንደሆነ መቆጣጠሪያው ካላወቀ፣ ወይም ምርቱ ማስወገጃው ፊት የሚደርስበትን ቅጽበት ከሳተ፣ ጥሩው ምርት ወደ ውድቅ ሳጥን ገብቶ ጉድለት ያለበት ወደ ማሸጊያ ያልፋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የፍተሻው ውሳኔ ከምርቱ ጋር አብሮ እንዲጓዝ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ሥራ በስፋት ያስረዳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም አንድ መርሕ ይከተላል፦ ጥሩ መሆኑ ያልተረጋገጠ ምርት ሁሉ ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል።

ስሌቶቹ እንዲጨበጡ አንድ ምሳሌ እንያዝ። የተሞሉና ክዳን የተደረገላቸው ጠርሙሶች በኮንቬየር ላይ በሰከንድ 600 ሚሊሜትር ይጓዛሉ። የጠርሙሱ ስፋት 60 ሚሊሜትር፣ የክዳኑ ስፋት 30 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከአንዱ ጠርሙስ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 150 ሚሊሜትር ነው። የሚፈተሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ክዳን መኖሩ፣ ክዳኑ ቀጥ ብሎ መግባቱ እና የፈሳሹ ከፍታ። ጉድለት ያለበት ጠርሙስ ከማስነሻው ሴንሰር (የጠርሙሱን መድረስ ከሚያበስረው) 900 ሚሊሜትር ርቆ በተተከለ የአየር ግፊት ማስወገጃ ከመስመሩ ይወጣል።

ደረጃ 1፦ ጉድለቱን በሚለካ ነገር ይግለጹ

«ክዳኑ በደንብ ያልገባ» የሚለው አገላለጽ ለሰው ይበቃል፤ ለመቆጣጠሪያ ግን ምንም አይነግረውም። «የክዳኑ የታችኛው ጠርዝ ከጠርሙሱ አንገት ቀለበት ከ1 ሚሊሜትር በላይ የራቀ» ቢባል ግን ሴንሰር የሚመረጥበትና ገደብ የሚቀመጥበት መሠረት ይገኛል። ለእያንዳንዱ ጉድለት እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከጥራት ክፍሉ ጋር ተስማምተው በጽሑፍ ያስቀምጡ። መለኪያው ሊለየው የሚችለው ትንሹ ልዩነት ከተፈቀደው ገደብ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ1 ሚሊሜትር ገደብ 0.1 ሚሊሜትር የሚለይ መለኪያ መፈለግ ማለት ነው።

ከዚያ ናሙና ይሰብስቡ። ጥሩዎቹንና በግልጽ የተበላሹትን ማግኘት ቀላል ነው፤ ትልቁ ዋጋ ያለው ግን በድንበሩ ላይ ያሉት፣ ሁለት ልምድ ያላቸው ፈታሾች የሚከራከሩባቸው ናሙናዎች ናቸው። እነዚህን ቁጥር ሰጥተው፣ እንዳይበላሹ አድርገው ያስቀምጡ። ሴንሰር ሲመርጡ፣ ገደብ ሲያስተካክሉና ሥርዓቱን ሲረከቡ ተመልሰው የሚጠቀሙባቸው እነዚሁ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ያለዎትን ጊዜ ያስሉ

በምሳሌያችን 150 ሚሊሜትርን ለ600 ስናካፍል በየ250 ሚሊሰከንዱ አንድ ጠርሙስ ያልፋል፤ በሰከንድ አራት ማለት ነው። ጠርሙሱ ራሱ በአንድ ነጥብ ፊት የሚቆየው 100 ሚሊሰከንድ ሲሆን ክዳኑ ደግሞ 50 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ማንበብ፣ መወሰንና መመዝገብ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ስሌቱን መስመሩ ዛሬ በሚሠራበት ፍጥነት ሳይሆን ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ይሥሩት፤ የምርት ክፍሉ ፍጥነት ለመጨመር ሲወስን የፍተሻውን ክፍል አስቀድሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ጉድለት የሚስማማውን ሴንሰር ይምረጡ

ክዳኑ ብረት ከሆነ ኢንዳክቲቭ ሴንሰር፣ ማለትም ብረትን ሳይነካ በመግነጢሳዊ መስክ የሚለየው፣ ቀላልና ጠንካራ ምርጫ ነው፤ አቧራና እርጥበት ብዙም አያስቸግሩትም። ነገር ግን በመግለጫው ላይ የተጻፈው የመለየት ርቀት ለተራ የብረት ስቲል የተሰጠ መሆኑን ያስታውሱ። ለአሉሚኒየም ያው ርቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ይህን ያልቆጠረ ሰው ሴንሰሩን አርቆ ይተክልና ጥሩውን ክዳን ሁሉ ውድቅ ሲያደርግበት ሴንሰሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ የኋላ ገጽታን ችላ የሚል የፎቶኤሌክትሪክ (በብርሃን ጨረር የሚሠራ) ሴንሰር ይጠቀሙ፤ እንዲህ ያለው ሴንሰር ከተወሰነ ርቀት በኋላ ያለውን ነገር ስለማይቆጥር፣ ከመስመሩ ማዶ የሚያልፍ ሰው ወይም ያለ ግድግዳ አያሳስተውም።

ጠርሙሱ መድረሱን የሚያበስረው የማስነሻ ሴንሰር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠርሙሱ ግልጽ ከሆነ ተራ የፎቶኤሌክትሪክ ጨረር በውስጡ ስለሚያልፍ አንዱን ጠርሙስ ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ወይም ጨርሶ ሊስት ይችላል። ለዚህ ለግልጽ ነገሮች ተብሎ የተሠራ፣ ብርሃኑን መልሶ ከሚያንጸባርቅ መስታወት ጋር በፖላራይዝድ ብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ወይም በማይሰማ የድምፅ ሞገድ የሚሠራ የአልትራሶኒክ ሴንሰር ይመረጣል። አልትራሶኒክ ከፊቱ በጣም ቀርቦ ያለን ነገር መለየት የማይችልበት ባዶ ክልል ስላለው፣ በመግለጫው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ርቀት ወዲህ አይትከሉት።

ለፈሳሹ ከፍታ ካፓሲቲቭ ሴንሰር (በኤሌክትሪክ መስክ ለውጥ የሚሠራው) በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ጠርሙስ ግድግዳ በኩል ሊሠራ ይችላል። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ (በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ኃይል የመያዝ አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 80 አካባቢ ሲሆን የአብዛኞቹ ፕላስቲኮች ግን እጅግ ያነሰ በመሆኑ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ፈሳሹ አረፋ የሚያነሣ ከሆነ ወይም የጠርሙሱ ውጫዊ ገጽ እርጥብ ከሆነ ግን ንባቡ አስተማማኝ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ከኋላ ብርሃን የተደረገለት ካሜራ ይሻላል።

የክዳኑ መዝመም ከሦስቱ ከባዱ ፍተሻ ነው። አንድ የሌዘር ርቀት መለኪያ ከላይ ተተክሎ የክዳኑን የፊትና የኋላ ጠርዝ ከፍታ ቢያነጻጽር፣ በጉዞው አቅጣጫ የዘመመውን ይይዛል፤ ወደ ጎን የዘመመው ግን ሁለቱም ጠርዞች እኩል ስለሚሆኑ ሊያመልጠው ይችላል። በተጨማሪም የኮንቬየሩ መንቀጥቀጥ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የክዳኑን ጠርዝ ከኮንቬየሩ ሳይሆን ከራሱ ከጠርሙሱ አንገት ቀለበት ጋር የሚያነጻጽር ካሜራ የተሻለ መፍትሔ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነም በሁለት አቅጣጫ ሁለት ካሜራ ይተከላል።

ካሜራ ሲመርጡ ትንሹ ጉድለት ቢያንስ ሦስት ፒክስል እንዲሸፍን አድርገው ያስሉ። አንድ ፒክስል 0.1 ሚሊሜትር የሚወክል ከሆነ፣ ምስሉ በእንቅስቃሴ ከአንድ ፒክስል በላይ እንዳይደበዝዝ የመጋለጫው ጊዜ 0.1 ለ600 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 0.17 ሚሊሰከንድ ያህል መሆን አለበት። በዚህ አጭር ጊዜ በቂ ብርሃን የሚገኘው ከካሜራው ጋር በአንድ ቅጽበት ብልጭ ከሚል መብራት ነው። በጀቱ ውስን ሲሆን ከካሜራው ቀንሰው በብርሃኑ ላይ እንዲያውሉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ደካማ ብርሃን ያደበዘዘውን ልዩነት የትኛውም ፕሮግራም መልሶ አያመጣውም።

ደረጃ 4፦ አተካከልና ሽቦ

ሴንሰሮቹን ከሞተሩና ከኮንቬየሩ መንቀጥቀጥ በተቻለ መጠን ተለይቶ በቆመ ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይትከሉ፤ ቦታቸው ከተስተካከለ በኋላም በማቆሚያው ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ለጽዳት የፈታው ሰው ወደዚያው እንዲመልሰው። መስመሩ በውሃ የሚታጠብ ከሆነ የአይፒ67 (ከአቧራና ከውሃ የመከላከል) ደረጃ፣ በከፍተኛ ግፊትና በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ከሆነ ደግሞ የአይፒ69ኬ ደረጃ ያለው ይጠቀሙ። ሁለት የፎቶኤሌክትሪክ ሴንሰሮች ፊት ለፊት ወይም ጎን ለጎን ተቀራርበው ሲተከሉ የአንዱ ብርሃን ሌላውን ሊያሳስት ስለሚችል አቅጣጫቸውን ያለያዩ።

ማንኛውንም ሽቦ ከመንካትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ኃይሉን አጥፍተው ማብሪያውን በቁልፍ ይዝጉት፤ የታመቀውንም አየር ያስወጡ። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ፦ የፍተሻ ሴንሰር የሰው ደኅንነት መጠበቂያ አይደለም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያና የመከለያ በሮች ለዚሁ በተሠራ የደኅንነት ሪሌይ ወይም የደኅንነት መቆጣጠሪያ በኩል መገናኘት አለባቸው።

በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መስፈርት በአይኢሲ 60947-5-2 መሠረት ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰር ሲሆን ቡናማው ሽቦ አዎንታዊ፣ ሰማያዊው ዜሮ ቮልት፣ ጥቁሩ ደግሞ ሲግናል ነው፤ የተለመደው ኃይል 24 ቮልት ዲሲ ነው። ፒኤንፒ ሴንሰር ሲነቃ አዎንታዊ ቮልቴጅ ወደ ግብዓቱ ይልካል፤ ኤንፒኤን ግን ግብዓቱን ወደ ዜሮ ቮልት ይጎትታል። የግብዓት ሞጁሉ የትኛውን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ አይግዙ። ምርጫ ካለዎት ፒኤንፒ የተሻለ ነው፤ የሲግናል ሽቦው ተልጦ የማሽኑን ብረት ቢነካ ሐሰተኛ «ነቅቷል» የሚል ምልክት አይሰጥምና።

እዚህ ላይ መርሑ በሽቦ ይተረጎማል፦ ሲግናል መኖሩ «ጥሩ» ማለት ይሁን፣ አለመኖሩ «መጥፎ»። የክዳን ሴንሰሩ ክዳን ሲያይ እንዲነቃ ከተደረገ፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ኃይል ቢቋረጥበት ጠርሙሱ ሁሉ ውድቅ ስለሚሆን ችግሩ ወዲያው ይታወቃል። በተቃራኒው ከተደረገ የተበጠሰ ሽቦ ሁሉንም ጠርሙስ ያሳልፋል፣ ማንም ሳያውቅም ሰዓታት ይቆጠራሉ። ለአናሎግ መለኪያዎች ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚሠራውን ሲግናል የምንመርጠውም ለዚሁ ነው፤ ዝቅተኛው ትክክለኛ ንባብ 4 በመሆኑ ከ3.6 ሚሊአምፔር በታች የወረደ ሲግናል የመሣሪያ ብልሽት እንደሆነ ፕሮግራሙ ሊለይ ይችላል። አይኦ-ሊንክ የተባለው ዲጂታል የመገናኛ ዘዴ ያለው ሴንሰር ከንባቡ በተጨማሪ የመስታወቱን መቆሸሽና የውስጥ ሙቀቱን የመሰለ መረጃ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚፈልገውም ተራ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ነው፣ ርዝመቱ እስከ 20 ሜትር።

የሲግናል ኬብሎችን ከሞተርና ከኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ኬብሎች ለይተው ይዘርጉ፤ መሻገራቸውን ማስቀረት በማይቻልበት ቦታ በ90 ዲግሪ ማዕዘን እንዲሻገሩ ያድርጉ። በማስወገጃው የአየር ቫልቭ የኤሌክትሪክ ጥቅል ላይም መከላከያ ዳዮድ ይግጠሙ፤ ጥቅሉ በሚጠፋበት ቅጽበት የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ የውጽዓት ሞጁሉን ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ መቆጣጠሪያውን ይምረጡ፣ ምርቱን የሚከታተለውን ፕሮግራም ይጻፉ

ፒኤልሲ፣ ማለትም በፕሮግራም የሚሠራው የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ ግብዓቶችን ያነባል፣ ፕሮግራሙን ያስኬዳል፣ ውጽዓቶችን ያዛል፤ ከዚያም እንደገና ይጀምራል። ይህ ዑደት 10 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ በእኛ መስመር ጠርሙሱ በአንድ ዑደት 6 ሚሊሜትር ይጓዛል። የክዳኑ ሲግናል 50 ሚሊሰከንድ ስለሚቆይ አይጠፋም፤ በ3 ሚሊሜትር ስፋት ያለ ጭረት የሚፈጥረው የ5 ሚሊሰከንድ ሲግናል ግን በሁለት ዑደቶች መካከል ሊሰወር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሲግናል በሴንሰሩ ላይ ሲግናሉን የሚያራዝም ተግባር ይጠቀሙ ወይም ከዑደቱ ውጭ ወዲያው የሚያነብ ፈጣን ግብዓት ይምረጡ። በግብዓት ሞጁሉ ላይ ያለው ማጣሪያም ሚሊሰከንዶችን እንደሚጨምር አይርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንድረስ። ጠርሙሱ ከማስነሻው እስከ ማስወገጃው 900 ሚሊሜትር ለመጓዝ 1.5 ሰከንድ ይወስድበታል፤ በዚህ መሃል ስድስት ያህል ጠርሙሶች በጉዞ ላይ ናቸው። ብዙዎች ይህን በሰዓት ቆጣሪ ይፈቱታል፦ ጉድለት ታየ፣ 1.5 ሰከንድ ጠብቅ፣ ንፋ። ኮንቬየሩ ፍጥነቱን ሳይለውጥ እስከሄደ ድረስ ይሠራል። ኮንቬየሩ ለአንድ ሰከንድ ቢቆም ግን ሰዓት ቆጣሪው አብሮ አይቆምም፤ አየሩ የሚነፋው ሌላ ጠርሙስ ላይ ይሆናል፣ ጉድለት ያለበትም ያልፋል። ስለዚህ ጊዜን ሳይሆን ርቀትን ይቁጠሩ፤ ለዚህ የሚያገለግለው ኢንኮደር፣ ማለትም ሲዞር በእኩል ርቀት የኤሌክትሪክ ምት (ፐልስ) የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

ኢንኮደሩን ከሞተሩ ዘንግ ይልቅ ራሱን ቀበቶውን በሚነካ ጎማ ላይ ይግጠሙ፤ ቀበቶው በመዘውሩ ላይ ሲንሸራተት ሞተሩ ይዞራል እንጂ ጠርሙሱ አይሄድም። የጎማው ዙሪያ 200 ሚሊሜትር ሆኖ ኢንኮደሩ በአንድ ዙር 400 ፐልስ ቢሰጥ፣ አንዱ ፐልስ 0.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ማስወገጃው በ1800ኛው ፐልስ ላይ ነው። በሙሉ ፍጥነት በሰከንድ 1200 ፐልስ ስለሚመጣ ተራ ግብዓት ሊቆጥረው አይችልም፣ የፈጣን ቆጠራ ግብዓት ያስፈልጋል። ሁለቱንም የኢንኮደር መስመሮች ያገናኙ፤ በመካከላቸው ያለው የ90 ዲግሪ ልዩነት ቀበቶው ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ እንዲቀንስ ያስችላል፣ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ቀበቶም በሐሰት አይቆጠርም።

በፕሮግራሙ ውስጥ በጉዞ ላይ ላሉት ጠርሙሶች ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ስድስት ለሚሆኑ ጠርሙሶች 16 ረድፍ ይበቃል። የማስነሻ ሴንሰሩ የጠርሙሱን ፊት ሲያይ አዲስ ረድፍ ይከፈታል፤ በረድፉም የኢንኮደሩ ቁጥር ይመዘገባል፣ የሦስቱም ፍተሻዎች ውጤት «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይጀምራል። ጠርሙሱ ወደፊት ሲሄድ እያንዳንዱ ፍተሻ የራሱን ውጤት ወደ «ጥሩ» የመለወጥ ሥልጣን ብቻ አለው። ማስወገጃው ፊት ሲደርስ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ «ጥሩ» ያልሆነለት ጠርሙስ ይወጣል፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን።

የክዳኑ ንባብ የሚወሰደው በተወሰነ የርቀት መስኮት ውስጥ ነው። የጠርሙሱ መሃል ከፊቱ 30 ሚሊሜትር፣ ማለትም 60 ፐልስ ኋላ ስለሆነ፣ የክዳኑ መሃል ከሴንሰሩ ሥር ከመድረሱ 8 ሚሊሜትር በፊት መስኮቱን ከፍተው 8 ሚሊሜትር በኋላ ይዝጉት፤ ሴንሰሩ በመስኮቱ ሁሉ ነቅቶ ከቆየ ክዳኑ አለ ማለት ነው። በዚህ አያብቁ። በሁለት ጠርሙሶች መሃል ባለው ክፍተትም ሴንሰሩ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ቆሻሻ የተለጠፈበት ወይም ነቅቶ የቀረ ሴንሰር ለሁሉም ጠርሙስ «ክዳን አለ» ይላል፤ ይህን ሐሰት የሚያጋልጠው የክፍተቱ ፍተሻ ብቻ ነው።

ከካሜራ ጋር ሲነጋገሩ የማስነሻ ምልክት ልኮ መልስ መጠበቅ አይበቃም። ካሜራው ዝግጁ መሆኑን ካላሳወቀ ማስነሻ አይላክ፣ መልሱም ከተጠየቀበት ተራ ቁጥር ጋር ይመለስ። ካሜራው ለመወሰን 80 ሚሊሰከንድ ቢፈልግ ጠርሙሱ እስከዚያ 48 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ሁለት መልሶች ቢቀያየሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ይዛነፋል።

ደረጃ 6፦ ማስወገጃውና ማረጋገጫው

የአየር ቫልቭ ከታዘዘ በኋላ ለመክፈት ጊዜ ይፈልጋል። 20 ሚሊሰከንድ ቢሆን በሙሉ ፍጥነት 12 ሚሊሜትር፣ ማለትም 24 ፐልስ ቀድሞ መታዘዝ አለበት፤ በግማሽ ፍጥነት ግን 12 ፐልስ ብቻ። ስለዚህ ቅድሚያውን ቋሚ ቁጥር አያድርጉት፤ ፕሮግራሙ ከወቅቱ ፍጥነት ያስላው። የንፋቱ ርዝመት ከ40 ሚሊሰከንድ ተጀምሮ በሙከራ ይስተካከላል፤ ከበዛ ቀጣዩን ጠርሙስ ያናጋል።

በማስወገጃው ፊት፣ ከማስወገጃው በኋላና በውድቅ ሳጥኑ አፍ ላይ አንዳንድ ሴንሰር ያስቀምጡ። ማስወገጃው ፊት ረድፍ የሌለው ጠርሙስ ከታየ ሰው በመሃል ያስገባው ነውና ይወገድ። ውድቅ የተባለ ጠርሙስ ከማስወገጃው በኋላ ከታየ ወይም በሳጥኑ አፍ ካልታየ መስመሩ ይቁም። የአየር ግፊቱ ሲወርድና ሳጥኑ ሲሞላም እንዲሁ። አምስት ጠርሙሶች በተከታታይ ውድቅ ከሆኑ ችግሩ ከፍተሻው በፊት ባለው ማሽን ወይም በፍተሻው በራሱ ላይ ስለሆነ፣ እየጣሉ ከመቀጠል ማቆም ይሻላል። ሐሳቡ ዘመን ያስቆጠረ ነው፤ ጃፓናዊው ፈጣሪ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 እ.ኤ.አ. ሠርቶ የጨረሰው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር።

ደረጃ 7፦ ይሞክሩ፣ ከዚያ ይረከቡ

መጀመሪያ እያንዳንዱን ሴንሰር በቆመ መስመር፣ ቀጥሎ በዝቅተኛ፣ በመጨረሻም በሙሉ ፍጥነት ይሞክሩ። በድንበሩ ላይ ካሉት ናሙናዎች አንዱን ደጋግመው ያሳልፉና ንባቡ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይመዝግቡ፤ የብዙ ጥሩ ጠርሙሶችን ንባብም ሰብስበው ከጉድለተኞቹ ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱ ክምችቶች በግልጽ ከተለያዩ ገደቡ በመሃላቸው፣ ወደ ጥሩዎቹ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። ከተደራረቡ ግን ገደቡን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ አንዱን ስሕተት በሌላው መለወጥ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ብርሃኑና ወደ ሴንሰሩ ምርጫ ይመለሱ።

ከዚያ ሥርዓቱን ሆን ብለው ያስቸግሩት። ጠርሙሶች በጉዞ ላይ እያሉ ኮንቬየሩን አቁመው ያስነሡ። የእያንዳንዱን ሴንሰር ኬብል በተራ ይንቀሉ። በፍተሻውና በማስወገጃው መሃል ባለው መስመር፣ ኮንቬየሩ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ጠርሙስ ያውጡ፤ በሌላ ጊዜም አንድ ይጨምሩ። በእነዚህ ሁሉ ያልተረጋገጠ ጠርሙስ ካለፈ ሥርዓቱ ለርክክብ አልደረሰም።

የሙከራው ብዛትም ይታሰብበት። ጉድለት ያለባቸው 30 ናሙናዎች አልፈው አንዱም ሳያመልጥ ቢቀር፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የሚቻለው የሚያመልጠው ከ10 በመቶ አይበልጥም የሚል ብቻ ነው። ከ1 በመቶ አይበልጥም ለማለት 300 ያለ ማምለጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ደንቡ ሦስትን ለናሙናው ብዛት ማካፈል ነው።

ደረጃ 8፦ ሥራ ከጀመረ በኋላ

ምልክት የተደረገባቸውን የጉድለት ናሙናዎች በየፈረቃው መጀመሪያ፣ የምርት ዓይነት ሲለወጥና ከጽዳት በኋላ ያሳልፉ። አንዱ ካመለጠ፣ ከመጨረሻው የተሳካ ሙከራ ወዲህ የተመረተው ሁሉ ተይዞ እንደገና ይፈተሻል፤ ሙከራው በተራራቀ ቁጥር የሚያዘው ምርት ስለሚበዛ፣ የሙከራውን ድግግሞሽ የሚወስነው ይኸው ነው። ገደቦችን መለወጥ በይለፍ ቃል ይጠበቅ፤ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደለወጠም ይመዝገብ።

በፈረቃው መጨረሻ በማስነሻው የተቆጠረው ጠርሙስ፣ ከማስወገጃው በኋላ ከተቆጠረውና በሳጥኑ አፍ ከተቆጠረው ድምር ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። በአንድም ቢለያይ፣ በየትኛው ሰዓት መለያየት እንደጀመረ ከመዝገቡ ፈልገው የዚያን ሰዓት ምርት ከማሸጊያው ያስመልሱ።